«የትኛው ቻናል ላይ ነው?»፦ የፊልም ማስታወቂያ ከፒያሳ ግድግዳ እስከ ሳሎን

ፒያሳ፣ ከማዘጋጃ ቤት ወረድ ብሎ ካሉት ትናንሽ ቡና ቤቶች በአንዱ ተቀምጫለሁ። ከባንኮኒው በላይ የተሰቀለው ቴሌቪዥን ሙዚቃውን አቋረጠና የአንድ አዲስ የአማርኛ ፊልም ማስታወቂያ ጀመረ። ያ ሁላችንም የምናውቀው ወፍራም ድምፅ መጣ። ልጅት በዝናብ ሮጠች፤ ልጁ መኪና ውስጥ አነባ፤ ኮሜዲያኑ ከነወንበሩ ተገለበጠና ቡና ቤቱ ሳቀ። በመጨረሻ የሲኒማ ቤቶቹ ስም እንደ ሎተሪ ቁጥር በጥድፊያ ተነበበ። ከጎኔ የነበረው ወጣት ማኪያቶውን አስቀምጦ አስተናጋጇን «እህት፣ የትኛው ቻናል ላይ ነው?» አላት። «ሲኒማ ቤት ነው መሰለኝ» አለችው። «እሺ፣ ሲለቀቅ አየዋለሁ» ብሎ ወደ ስልኩ ተመለሰ።

ልጁ ከተቀመጠበት እስከ ሲኒማ ኢትዮጵያ በር በእግር ጥቂት ደቂቃ ነው። ማስታወቂያውን አይቷል፣ ስቋል፣ ፊልሙንም ለማየት ቆርጧል። እንግዲህ ማስታወቂያው ሠርቷል ማለት ነው፤ ትኬት ግን አልተቆረጠም። እኔን ያስገረመኝ ስንፍናው አልነበረም። ጥያቄው ለእሱ የተፈጥሮ ጥያቄ መሆኑ ነው። አባቱ ቢሆን «የት ነው የሚታየው?» ይል ነበር። አያቱ ደግሞ ጭራሽ አይጠይቅም፤ ማስታወቂያውን ያየው ሲኒማ ቤቱ በር ላይ ቆሞ ነውና።

ላለፉት ሃያ ምናምን ዓመታት ፊልም ሰሪዎቻችን ለቴሌቪዥን ተመልካች ሲያዘጋጁት የኖሩት ማስታወቂያ ሰውየውን ከሶፋው አስነሥቶ ወደ ሲኒማ ቤት ሊወስደው የታሰበ ነበር። በተግባር ግን ሶፋው ላይ ሆኖ መጠበቅን ያስተማረው ይመስለኛል። ይህ እንዴት እንደሆነ ለማየት ደግሞ ፒያሳን ከያዘችው ከአራዳ የተሻለ ቦታ የለም፤ ፊልሙም ቴሌቪዥኑም ያደጉት እዚሁ፣ አንዱ ከሌላው ቤት እየተያየ ነው።

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን (ኢቴቪ) በእንግሊዙ ቶምሰን ኩባንያ እገዛ ሥርጭት የጀመረው ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. ነው። ስቱዲዮው ጣሊያናዊው አርክቴክት አርቱሮ መዘዲሚ በነደፈው አዲሱ የማዘጋጃ ቤት ሕንፃ ውስጥ ነበር። ከዚያ ደረጃ ላይ ቆሞ ቁልቁል የሚመለከት ሰው ሲኒማ ኢትዮጵያን፣ አምፒርን፣ አገር ፍቅርን የያዘውን ሰፈር ከፊቱ ያገኘዋል። የመጀመሪያው የአማርኛ ረጅም ፊልም፣ ግሪካዊው ላምብሮስ ዮካሪስ ያዘጋጀው «ሂሩት አባቷ ማነው?»፣ የተሠራውም በዚያው በ1950ዎቹ ነው። ስለዚህ የአገራችን ፊልምና የአገራችን ቴሌቪዥን በዕድሜ እኩያሞች ናቸው ብል ብዙ አልሳሳትም። ታላቅና ታናሽ አስመስለን የምናወራው፣ ሲኒማው ቀድሞ በውጭ አገር ፊልም ስላረጀ ነው።

በድሮው አራዳ የፊልም ማስታወቂያ የሚሠራው ለእግረኛ ነበር። ፒያሳ ሰው ሥራ ኖሮትም ሳይኖረውም የሚመላለስባት መንገድ ነበረች፤ ጫማ ለማስጠረግ፣ ወርቅ ለመጠየቅ፣ ቶሞካ ቆሞ ቡና ለመጠጣት፣ ወይም ዝም ብሎ ለመታየት። ሲኒማ ቤቱ ደግሞ በሩ ላይ የፊልሙን ፖስተርና ከፊልሙ የተወሰዱ ፎቶግራፎችን ይሰቅላል። እግረኛው ይቆማል፣ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ ያያል፣ ጓደኛውን በክርኑ ይነካዋል፣ ኪሱን ይዳስሳል። ትኬት መቁረጫው መስኮት ሦስት እርምጃ ላይ ነው። ማስታወቂያውና ሸቀጡ አንድ በር ላይ ነበሩ። የማስታወቂያ ባለሙያዎች ዛሬ በብዙ ገንዘብ የሚያሳድዱት ነገር፣ ገዢው ልቡ በተነካበት ቅጽበት ኪሱም ቅርብ እንዲሆን፣ ፒያሳ ላይ በነጻ ይገኝ ነበር።

እንዲያውም ሲኒማ ያለ ማስታወቂያ ብቻ ሳይሆን በክፉ ማስታወቂያም ሰው ሊሞላ እንደሚችል ይህች ከተማ ምስክር ናት። በቴዎድሮስ አደባባይ በኩል የነበረውን ቀደምት ሲኒማ ቤት ሕዝቡ «የሰይጣን ቤት» ብሎት ነበር። ቄሱ የሚያወግዙት፣ እናት ልጇን የምትከለክልበት ስም ነው። ሰው ግን ገባ። አንዳንዴ ሳስበው፣ ከዚያ ወዲህ ለፊልም ያን ያህል ጉጉት የሚቀሰቅስ ስም ያወጣ የማስታወቂያ ድርጅት ያለ አይመስለኝም።

የዚያን ዘመን ማስታወቂያ ጉልበት ለመረዳት ከፊልሙ በኋላ ያለውን ሰዓትም መቁጠር ያስፈልጋል። ከሲኒማው የወጣ ጎረምሳ ቀጥሎ የሚሄድበት ቦታ ነበረው። ስሙን ከደጃዝማች ውቤ አጥናፍ ሰገድ የወረሰው ውቤ በረሃ ከጀርባ ነው፤ ሙዚቃው፣ መሸታ ቤቱ፣ ስብሐት ገብረእግዚአብሔር በ«ሌቱም አይነጋልኝ» የማይረሳ አድርጎ ያስቀረው ያ ሌሊት። ፊልሙ የምሽቱ መግቢያ ነበር እንጂ ምሽቱ ራሱ አልነበረም። ፖስተሩ ላይ የተሳለችው የህንድ ቆንጆ ወይም ሽጉጥ የመዘዘው ካውቦይ የሚጠራው ሰው ቀድሞውኑ ከቤቱ ወጥቶ፣ ጫማውን አስጠርጎ፣ ፀጉሩን አበጥሮ የመጣ ሰው ነው። ለማስታወቂያው የቀረው ሥራ «እዚህ ግባ» ማለት ብቻ ነበር። ሰውን ከቤት የማውጣቱን ከባድ ሥራ ሰፈሩ ራሱ ጨርሶለታል።

አብዮቱ ሲመጣ ይህ ሰንሰለት ተበጠሰ። ሰዓት እላፊ ታወጀ፤ የውቤ በረሃ ሌሊት አጠረ። ሲኒማ ቤቶቹም ተወርሰው በመንግሥት አስተዳደር ሥር ገቡ። የመንግሥት ሲኒማ ቤትን ማስታወቂያ ብዙም አያስጨንቀውም፤ ተፎካካሪ የለውማ። ያንኑ ጊዜ ቴሌቪዥን በዝግታ ወደ ቤት ይገባ ነበር። በ1977 ዓ.ም. መደበኛ የቀለም ሥርጭት ሲጀመር ባለቴሌቪዥን ቤት ገና በጣት ይቆጠራል። የሰፈር ልጅ ጫማውን በር ላይ አውልቆ፣ እትዬን ሰላም ብሎ፣ ወለሉ ላይ ተደርድሮ ነው የሚያየው። ቻናሉ አንድ ነው። ዜናው ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው። ከዜናው በፊት የታየውን ነገር ጠዋት ትምህርት ቤት ውስጥ ያላየው ልጅ የለም።

ይህን አንድ ቻናል ልብ ይሏል። በኋላ የመጣው የፊልም ማስታወቂያ ጠባይ የተቀረጸው በእሱ ነው።

የአማርኛ ፊልም ከሴሉሎይድ ወደ ቪዲዮ ካሜራ ሲሸጋገር ነገሩ ሁሉ ተቀየረ። ሠላሳ አምስት ሚሊሜትር ፊልም ማስመጣት፣ ውጭ ልኮ ማሳጠብ፣ ኮፒ ማስወጣት የደላው ሰው ሥራ ነበር። ቪዲዮ ግን ካሜራ ለተከራየና ወኔ ላለው ሁሉ ተከፈተ። በ1990ዎቹ አጋማሽ የቴዎድሮስ ተሾመ «ቀዝቃዛ ወላፈን» ሰው ለአማርኛ ፊልም ሰልፍ እንደሚሰለፍ አሳየ። በ2000 ዓ.ም. ዙሪያ «የወንዶች ጉዳይ» ደግሞ ኮሜዲ ወራት ሙሉ አዳራሽ ሊያስጨንቅ እንደሚችል አረጋገጠ። ሴባስቶፖል፣ የኃይሌ ገብረሥላሴ ዓለም ሲኒማ፣ ኤድና ሞል ውስጥ ያለው ማቲ ሲኒማ ተከፈቱ። የፒያሳዎቹ አዳራሾችም ከህንድ ፊልም ወደ አማርኛ ዞሩ። ፕሮዲዩሰሩም ገንዘቡን ቆጥሮ ማስታወቂያ ሊያስነግር ወደ ቴሌቪዥን ጣቢያው ሄደ። እዚያው ማዘጋጃ ቤት፤ ፊልሙ ከሚታይበት አዳራሽ ሽቅብ።

ያን ማስታወቂያ ቁጭ ብሎ ለሚመረምር ሰው ብዙ ነገር ይናገራል። መጀመሪያ ድምፁን እንውሰድ። ፊልሙ የፍቅር ይሁን የወንጀል፣ አንባቢው ወፍራም ነው፤ ቃል ይጎትታል፤ የተዋናዮቹን ስም እንደ ሹመት ያነባል። ይህ ድምፅ የመጣው ከሬዲዮ ነው። ጣቢያው ማስታወቂያን በምስል የሚሠራ ቢሆንም የማስታወቂያው ነፍስ ጆሮ ነበረች። በአጋጣሚ አይመስለኝም። ሳሎን ውስጥ ቴሌቪዥን ሁልጊዜ አይታይም፤ ይሰማል እንጂ። እናት ወጥ ቤት ናት፤ ልጅቱ ልብስ ትተኩሳለች፤ ልጁ የቤት ሥራ ይሠራል። ድምፁ ሁሉንም ከያሉበት መጥራት አለበት። ፖስተር ግን እንዲህ ያለ ጭንቀት አልነበረበትም፤ የሚያየው ሰው ፊቱ ላይ ቆሟልና።

ቀጥሎ ያለው እኔን ከሁሉ ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ነው። ሲኒማ ቤት የሚሄደው በብዛት ወጣት ነው፤ በተለይ ጥንድ ጥንድ ሆኖ። ሳሎኑ ውስጥ ግን ማስታወቂያውን ከወጣቷ ጋር አብረው የሚያዩት አባቷ፣ እናቷ፣ አንዳንዴም ለጥየቃ የመጡ አክስቷ ናቸው። ፕሮዲዩሰሩ ለአንድ ሶፋ ሁለት ተመልካች ይዟል። ልጅቷን ፍቅር እንዳለው ሊነግራት ይፈልጋል፤ እናቷን ደግሞ ነውር እንደሌለው ሊያረጋግጥላት ይገባል። ልጅቱ «እሑድ ከጓደኞቼ ጋር ፊልም ልናይ ነው» ስትል እናትየው «የቱን? ያን የሚያስቀውን?» ካለች ነገሩ አልቋል፤ ፈቃድ ተገኝቷል። ስለዚህ ማስታወቂያው በሳቅ ይሸፈናል። አሳዛኝ ፊልም ሳይቀር ማስታወቂያው ላይ ሁለት ቦታ ያስቃል። ፍቅሩ በዓይን ጥቅሻ፣ በተያያዘ እጅ፣ በዝናብ ይነገራል። ብዙ ሰው «የአማርኛ ፊልም ማስታወቂያ ሁሉ ኮሜዲ ነው» እያለ ሲያማ እሰማለሁ። እኔ ግን ያ ሳቅ ለእናቶች የተጻፈ የፈቃድ ደብዳቤ ይመስለኛል። ጉዳቱ ሌላ ነው፦ ከፊልሙ ውስጥ ያሉት ጥሩ ጥሩ ቀልዶች ሁሉ ማስታወቂያው ውስጥ ያልቃሉ። አዳራሽ የገባው ሰው ቀልዱ ሲመጣ ከተዋናዩ ቀድሞ ይጨርሰዋል።

ሌላው «ይመረቃል» የሚለው ቃል ነው። በአገራችን ፊልም አይጀመርም፣ አይከፈትም፤ ይመረቃል፤ እንደ መንገድ፣ እንደ ትምህርት ቤት፣ እንደ ዶክተር። ቀይ ምንጣፍ ይነጠፋል፤ ታዋቂ ሰዎች ይጠራሉ፤ ማስታወቂያውም ይህንኑ ቀን ይነግራል። ተመልካቹ የሚሰማው ግን የሌላ ሰው ድግስ ነው። የምረቃው ቀን ለተጠሩት ነው፤ ለእሱ ደግሞ ከዚያ በኋላ የሆነ ቀን አለ፤ የቱ እንደሆነ ግን በልቡ አይጻፍም። «በቅርብ ቀን» የሚለው ሐረግ እዚህ ላይ ይጨመር። ወራት ቀድሞ ይነገራል፤ ፊልሙ ይዘገያል፤ ማስታወቂያው ይደጋገማል። ሐረጉ ከመለመዱ የተነሣ በሰፈር ንግግር መቀለጃ ሆነ፤ ብድር የተጠየቀ ሰው «በቅርብ ቀን» ይላል፤ ማለትም አይመለስም።

የውጭውን ልማድ አንድ ጊዜ ብናይ ልዩነቱ ይገለጣል። አሜሪካኖች ፊልምን በቴሌቪዥን ማስታወቂያ በጅምላ መሸጥን በደንብ የተማሩት በ1975 እ.ኤ.አ. በስቲቨን ስፒልበርግ «ጆውስ» ነው ይባላል። ኩባንያው ዩኒቨርሳል ወደ ሰባት መቶ ሺህ ዶላር ለቴሌቪዥን ማስታወቂያ አወጣ። ፊልሙ ከመከፈቱ በፊት ለተከታታይ ምሽቶች የሠላሳ ሰከንድ አጫጭር ማስታወቂያዎች ሰው በሚበዛበት ሰዓት ዘነቡ፤ ከዚያም ፊልሙ በአንድ ቀን በአሜሪካ 409 ሲኒማ ቤቶች ተከፈተ። ሰዎች የሚያስታውሱት ማስታወቂያውን ነው። ዋናው ብልሃት ግን 409ኙ ላይ ነበር። ቴሌቪዥኑ አገር ሙሉ ከተናገረ፣ ፊልሙም አገር ሙሉ መጠበቅ አለበት። በቴሌቪዥን የተነሣ ፍላጎት ዕድሜው አጭር ነው፤ በሁለት በሦስት ቀን ካልተያዘ ይበርዳል።

የእኛ ነገር ተገላቢጦሽ ነበር። ኢቴቪ አገር ሙሉ ይደርሳል፤ ሲኒማ ቤቶቹ ግን አብዛኞቹ አዲስ አበባ ናቸው። ደብረ ማርቆስ ያለች ተማሪ ወይም ደሴ ያለ ባለሱቅ ማስታወቂያውን ከፒያሳው ልጅ እኩል ያያል፣ እኩል ይጓጓል። ከዚያስ? ፊልሙ ወደ ክልል ዞሮ ባሕር ዳር ሙሉዓለም አዳራሽ እስኪደርስ ይጠብቃል፤ ከተማው አዳራሽ ከሌለው ደግሞ መጠበቂያም የለውም። ፕሮዲዩሰሩ ከፍሎ ያስነገረው ማስታወቂያ ትልቁ ክፍል፣ ሊያስተናግደው በማይችለው ሰው ጆሮ ላይ ፈሰሰ። ያ ፍላጎት ግን ባክኖ አልቀረም፤ ቪሲዲ ነጋዴው ሰበሰበው። ሕጋዊውም ተሸጠ፣ የተቀዳውም ተሸጠ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ በወረቀት ላይ ነበረ፤ የመርካቶ ድንኳን ግን አላነበበውም። እንዲህ ሆኖ የፊልም ማስታወቂያ ለአገሩ አብዛኛው ሕዝብ አንድ ነገር አስተማረ፦ በቴሌቪዥን የምታየው ይህ ፊልም ቆይቶ ቤትህ ይመጣል። የቡና ቤቱ ልጅ «ሲለቀቅ አየዋለሁ» ያለው ይህንኑ ትምህርት ነው። ትምህርቱን የፈጠረው ዩቲዩብ ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን ያኔ፣ በቪሲዲ ዘመን፣ ተምረን የጨረስነው ይመስለኛል።

ያኔውኑ ደግሞ ቴሌቪዥን ራሱ ባለ ድራማ ሆኗል። በ2002 ዓ.ም. ዙሪያ «ገመና»፣ ከእሱ ቀጥሎ «ሰው ለሰው» ቤተሰብ በሙሉ ሰዓት ጠብቆ የሚያያቸው ሆኑ። አበበ ባልቻ የተጫወተው አስናቀ የሚባለው ተንኮለኛ በየቤቱ እንደ ጎረቤት ይታማ ነበር። ፕሮዲዩሰሮቹ ይህን አዩና ትክክለኛ የመሰለ ስሌት ሠሩ፦ ማስታወቂያው የሚሄደው ለቴሌቪዥን ተመልካች ከሆነ፣ ተመልካቹ የሚያውቀው ፊት ይኑርበት። የድራማ ተዋናዮች ወደ ፊልም ተጠሩ። ለአጭር ጊዜ ሠራ። ማስታወቂያው ሲጀምር ሳሎኑ «እንዴ፣ እሷ አይደለች እንዴ?» ይላል፤ ዓይን ይሰበሰባል። ግን አንድ የተረሳ ነገር ነበር። በየሳምንቱ በነጻ ሳሎንህ የምትገባን ተዋናይት ለማየት ታክሲ ይዘህ፣ ተሰልፈህ፣ ከፍለህ የምትሄደው ለምንድን ነው? ሲኒማ ድሮ ኃይሉ፣ ቤት የማይገኝ ፊት ማሳየቱ ነበር። ማስታወቂያው ግን «የምታውቁት ሰው ነው» እያለ ሸጠው። ለቴሌቪዥን ተመልካች ማነጣጠሩ ቀስ በቀስ ፊልሙን ራሱን ቴሌቪዥን አስመሰለው፤ ብርሃኑም፣ ንግግሩም፣ ሳሎን ውስጥ ያለው ሶፋም ሳይቀር።

ከዚያ ሳህኑ መጣ። ዲሽ በየጣሪያው ተተከለ። በ2000 ዓ.ም. በአሜሪካ የተቋቋመው ኢቢኤስ፣ ሌሎችም የሳተላይት ጣቢያዎች፣ በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ቃና ተከተሉ። ቃና የቱርክና የሌሎች አገሮችን ተከታታይ ድራማ በአማርኛ ድምፅ ቀይሮ ሲያቀርብ የፊልምና የቴአትር ሰዎች አጥብቀው ተቃውመው ነበር። ባህል ሊበረዝ ነው፣ እንጀራችን ሊወሰድ ነው አሉ። ስለ ባህሉ የተባለውን ለሌላ ቀን ልተወው። ስለ እንጀራው የተባለው ግን እውነት ነበረው፤ ብቻ ምክንያቱን በትክክል የጠቆመው ጥቂት ሰው ነው። ዋናው ጉዳት የተወዳዳሪ ድራማ መምጣቱ ብቻ አልነበረም። ማስታወቂያ የማስነገሪያው ቦታ ባለቤት ራሱ ሸቀጥ ሻጭ መሆኑ ነው። ፕሮዲዩሰሩ ፊልሙን ለማስነገር በሰከንድ ይከፍላል። ጣቢያው ግን «ዛሬ ማታ በ2 ሰዓት ከ30» እያለ የራሱን ድራማ በቀን ደጋግሞ ሲያስነግር የሚከፍለው የለም፤ ቤቱ ነው። አንዱ ተከራይ፣ አንዱ ባለቤት ሆነው አንድ ገበያ ላይ ተቀመጡ። የባለቤቱ ማስታወቂያ ደግሞ ከተመልካቹ የሚጠይቀው ምንም ነገር የለም፦ ባለህበት ቆይ ነው የሚለው።

ቻናል ሲበዛ ያ «ሁሉም ሰው ያየው» የነበረ ሰዓት ጠፋ። ከዜና በፊት አንድ ጊዜ አስነግሮ ከተማውን ማዳረስ ቀረ። ማስታወቂያ ሲመጣ ሪሞት ይነሣል። ይሄኔ የፊልም ሰዎች በማስታወቂያው ፈንታ የቃለ መጠይቅ ወንበር ላይ መቀመጥን መረጡ። ፊልሙ ሊመረቅ ሲል ተዋናዮቹ በእሑድ መዝናኛ፣ በሰይፉ ፋንታሁን ሾው፣ በኤፍኤም ሬዲዮ ጣቢያዎች እየዞሩ ይጠየቃሉ። ወጪው አነስተኛ ነው፤ ሰውም ሪሞት አያነሣም። ግን ጥያቄው ስለ ፊልሙ አይደለም። አገባሽ ወይ? ከእገሌ ጋር ተጣላችሁ ወይ? ቀረጻ ላይ ምን አጋጠመህ? ሃያ ደቂቃ ይስቃሉ፤ መጨረሻ ላይ «ፊልሙ የፊታችን እሑድ…» ሲባል መዝጊያው ሙዚቃ ገብቷል። ተመልካቹ ተዋናዩን ጠግቧል። ፊልሙን ለማየት የነበረው ጉጉት ከቃለ መጠይቁ ጋር አብሮ ተበልቷል።

በዚህ መሀል ገንዘቡም ተዛወረ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል ማስታወቂያን ከብሮድካስት አስወጣ። ቢራ ፋብሪካዎች የቴሌቪዥን ትልልቅ ከፋዮች ነበሩ፤ ጣቢያዎቹም ወገባቸውን ተመቱ። እኔ እንደታዘብኩት ከዚያ ወዲህ የአየር ሰዓቱን ክፍተት የሚሞላው በአብዛኛው የጣቢያው የራሱ ፕሮግራም ማስታወቂያ ነው። በ2014 ዓ.ም. መልቲቾይስ በዲኤስቲቪ ላይ አቦል የተባለውን የአማርኛ ቻናል ሲከፍት ደግሞ አዲስ በር ተከፈተ። ቻናሉ ድራማና ፊልም ያሠራል፣ ይገዛል። ለብዙ ፊልም ሰሪ ይህ ከሰልፍ የተሻለ ነው፤ ሒሳቡ አስቀድሞ ይታወቃል፤ ዝናብ ዘነበ አልዘነበ፣ ታክሲ ተገኘ አልተገኘ ግድ የለም። ሌላው ፊልሙን በዩቲዩብ ይጭነዋል፤ በመሐሉም ራሱ «ሰብስክራይብ አድርጉ» ይላል። እዚህ ላይ የቡና ቤቱ ልጅ ጥያቄ እንደገና መጣልኝ። «ቻናል» ሲል የቴሌቪዥን ጣቢያ ማለቱ ላይሆን ይችላል። ዩቲዩብም ቻናል ነው፤ ቴሌግራምም ቻናል ነው። ሲኒማ ቤት ብቻ ነው ቻናል ያልሆነው።

ሲኒማ ቤቶቹ ሞተዋል ለማለት አይደለም፤ በዓል ሲሆን ወይም ጥሩ ፊልም ሲመጣ አሁንም ሰልፍ አለ። እኔ የማወራው ሰልፉን ስለሚሠራው ነገር ነው። ድሮ ሰልፉን የሚሠራው ሰፈሩ ነበር። ያ ሰፈር ደግሞ ራሱ ተነሥቷል። በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማቱ ፒያሳን ሲያፈርስ ዶሮ ማነቂያን የመሳሰሉ ሰፈሮች ከነነዋሪዎቻቸው ተነሡ። የፈረሰው ቤት ብቻ አይደለም፤ ለፖስተር የሚቆም እግረኛም አብሮ ሄደ። ፎቶዎቹን ለማየት ቆሞ ኪሱን የሚዳስሰው ያ ልጅ፣ ልጁም፣ የልጅ ልጁም አሁን አያት ወይም ኮየ ፈጬ ወይም ጀሞ፣ አምስተኛ ፎቅ ላይ፣ ከቴሌቪዥን ፊት ነው። መንገዱ ሰፍቷል፣ መብራቱ አምሯል፤ የሚሄድበት ሰው ግን ብዙ ጊዜ የሚያልፍ ሰው ነው እንጂ የሚኖር አይደለም። የሚያልፍ ሰው ፎቶ ያነሣል፤ ለሁለት ሰዓት ፊልም አይገባም።

ስለዚህ ፊልም ሰሪው ለቴሌቪዥን ተመልካች ከማነጣጠር ሌላ ምርጫ የለውም፤ ሰውየው ያለው እዚያ ነውና። ለዚያ ተመልካች የሚነገረው ነገር ግን ገና የፖስተር ቋንቋ ነው። የፊልሙን ስም፣ የተዋናዮቹን ስም፣ የሲኒማ ቤቱን ስም ይነግረዋል፤ ልክ በሩ ላይ የቆመ ይመስል። ሰውየው በሩ ላይ አይደለም። ከአያት የምትመጣ አንዲት ወጣት ልትወስን ስትል በልቧ የምታሰላው ሌላ ነው፦ ስንት ሰዓት ይጀምራል? ስንት ሰዓት ያልቃል? ሲያልቅ ከፒያሳ ታክሲ አገኛለሁ ወይ? በ2008 ዓ.ም. መስከረም የተከፈተው ቀላል ባቡር ምኒልክ አደባባይ ድረስ ይመጣል፤ ከሲኒማው በእግር ትንሽ ነው። ግን ስንት ማስታወቂያ ይህን ሲል ሰማችሁ? «ከባቡር ጣቢያው አጠገብ»፣ «በ12 ሰዓት ያልቃል»፣ «ከእናትሽ ጋር ነይ» የሚል? የእናትየውን ሳቅ ለማግኘት ያን ያህል የደከመ ማስታወቂያ፣ የልጅቱን የመመለሻ ሰዓት ረስቶታል።

ያን ዕለት ከቡና ቤቱ ከመውጣቴ በፊት ያው ማስታወቂያ እንደገና ታየ። አሁን ሆነ ብዬ እስከ መጨረሻው አዳመጥኩ። የዋና ተዋናዮቹ፣ የደራሲው፣ የዳይሬክተሩ፣ ሜካፕ የሠራችው ልጅ፣ ልብስ ያለበሰው ቤት፣ ስፖንሰር ያደረገው ሆቴል ስም ተነበበ። ፊልሙ በስንት ሰዓት እንደሚጀምር ግን አልተነገረም። ሒሳቤን ከፍዬ ወጣሁና ሰዓቱን ልጠይቅ ወደ ሲኒማው ወረድኩ።